ዜማውን እንዘምር ወይስ እንተው? ከአይሁድ ምኩራቦች የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ በአጭሩ

አንድ መምህር ለሕዝቡ ጸሎት አዲስ ነፍስ ዘራበት። ከሞተ በኋላ ደግሞ ሴቶች በእሱ ደረሰብን ያሉትን በደል በአደባባይ ተናገሩ። ያን ጊዜ ዜማው በየምኩራቡ ገብቶ ቤተኛ ሆኗል። ከሚዘምሩት ውስጥ ብዙዎቹ የማን እንደሆነ እንኳ አያውቁም። እንግዲህ ምን ይደረግ?

ነገሩ የአይሁዶች ብቻ አይደለም። የተወደደ ዘማሪ ነውር ሲሰማ ጉዳዩን በዝምታ ያለፈ ጉባኤ በእኛም ሠፈር አይጠፋም። ለዚህ ነው ይህን ጉዳይ መመዝገብ የፈለግኩት።

የመምህሩን ስም እጠራለሁ። የአደባባይ ሰው ነበር፣ ክሱም በአደባባይ የወጣ ነው። የተናገሩትን ሴቶች፣ ቤተሰቡንና ውሳኔ የወሰነውን ምኩራብ ግን በስም አልጠራም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መምህሩ ማን ነበር?

ረቢ ሽሎሞ ካርሌባክ በ1925 በርሊን ተወለደ። የረቢ ልጅ ነው። ቤተሰቡ በቪየና አቅራቢያ ባደን በምትባል ከተማ ኖሯል። ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ተሰደዱ፣ በ1939ም ኒውዮርክ ገቡ። ልጁ በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበር በኒው ጀርሲ ሌክውድ፣ በረቢ አሮን ኮትለር የሺቫ ገባ። የሺቫ ማለት ታልሙድ፣ ማለትም የጥንት ረቢዎች የሕግ ክርክርና ትርጓሜ የተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ ቀንና ሌሊት የሚጠናበት የሃይማኖት ትምህርት ቤት ነው።

እሱ ግን ልቡ ወደ ሀሲዶቹ አዘነበለ። ሀሲዶች በ18ኛው ክፍለ ዘመን በምሥራቅ አውሮፓ የተነሱ፣ ደስታንና ዜማን የጸሎት ዋና መንገድ ያደረጉ አይሁዶች ናቸው። በ1949 የቻባድ ሀሲዶች መሪ እሱንና ጓደኛውን ዛልማን ሻክተርን ወደ አሜሪካ ኮሌጆች ላኳቸው። ሥራቸው ከሃይማኖቱ የራቁትን ወጣቶች ፈልጎ ማግኘት ነበር። ሁለቱም በኋላ ከቻባድ ወጥተው የየራሳቸውን መንገድ ያዙ።

ካርሌባክ ጊታር አነሳ። የመጀመሪያ አልበሙ በ1959 ወጣ። በ1966 በበርክሌይ የባህል ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ተጫወተ። እዚያ ያገኛቸው ጸጉራቸውን ያስረዘሙ የሂፒ ዘመን ልጆች ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ አይሁዶች ነበሩ። ወዲያው በሳን ፍራንሲስኮ «የፍቅርና የጸሎት ቤት» የተባለ ማዕከል ተከፈተ። በሩ ለማንም ክፍት ነበር። ከዚያ የወጡ አንዳንዶች በ1970ዎቹ እስራኤል ውስጥ የራሳቸውን መንደር መሠረቱ። በ1967 አባቱ ሲሞቱ በኒውዮርክ 79ኛ ጎዳና ያለውን ትንሽ ምኩራብ ከወንድሙ ጋር ተረከበ። በ1994 እስኪሞት ድረስም ዓለምን ሲዞር፣ ሲዘምርና ታሪክ ሲያወራ ኖረ።

ዓርብ ምሽት ምን ተለወጠ?

ውለታውም ጣጣውም እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

አይሁዶች ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበትን የሚቀበሉበት ጸሎት አላቸው። ሥርዓቱ የመጣው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በገሊላ ከምትገኘው ከሰፈድ ከተማ ነው። የዚያ ዘመን የምሥጢር ሊቃውንት ወደ ሜዳ ወጥተው ሰንበትን እንደ ሙሽራ ይቀበሏት ነበር። መጀመሪያ ስድስት መዝሙራት ይባላሉ፤ ለስድስቱ የሥራ ቀናት ማለት ነው። በዕብራይስጡ ቁጥር ከ95 እስከ 99 ያሉትና 29ኛው፣ በእኛ ዳዊት ደግሞ ከ94 እስከ 98ና 28ኛው ናቸው። ቀጥሎ «ለካ ዶዲ» የተባለው የሽሎሞ አልካበጽ ግጥም ይዘመራል። ወዳጁን «ና፣ ሙሽራይቱን እንቀበላት» ብሎ የሚጠራ ግጥም ነው። ትእዛዘ ሰንበት የተባለውን የቤተ እስራኤል መጽሐፍ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። እዚያም ሰንበት እንደ ሴት ሆና ትናገራለች፣ ታማልዳለች።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ግን የሰፈዱ ሜዳ ስሜት የለም ማለት ይቻላል። በብዙ ኦርቶዶክስ፣ ማለትም ሕጉን አጥብቀው በሚጠብቁ አይሁዶች፣ ምኩራቦች እያንዳንዱ መዝሙሩን ለራሱ ያነበንባል፣ መሪው የመጨረሻዋን ቁጥር ከፍ አድርጎ ይላታል፣ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ወደ እራቱ ነው። ሥርዓቱን ከዘመኑ ጋር ባስማሙት በሪፎርም ምኩራቦች ደግሞ ኦርጋንና የሠለጠነ መዘምራን አለ። ዜማው ያማረ ነው፤ ሕዝቡ ግን ተቀምጦ ያዳምጣል።

ካርሌባክ ለእያንዳንዱ መዝሙር ዜማ ሰጠው። የዜማዎቹ አሠራር ቀላል ነው። አብዛኛዎቹ ሁለት ክፍል ብቻ አላቸው፤ የመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ ሁለተኛው ከፍ ይላል፣ ከዚያ ተመልሶ ይደገማል። ሁለተኛ ዙር ላይ እንግዳ ሰው ይይዘዋል፤ ሦስተኛው ላይ ጠረጴዛ መምታት ይጀምራል።

ቃሉ ሲያልቅ ዜማው አያልቅም። «ላይ፣ ላይ፣ ላይ» እያለ ያለ ቃል ይቀጥላል። ይህ የሀሲዶች ልማድ ነው፤ ጥቅምም አለው። የጸሎትን ቃል ደጋግሞ ማለት በብዙ የሕግ መምህራን ዘንድ አይወደድም። ቃል የሌለው ዜማ ግን የፈለጉትን ያህል ቢደጋገም ሕግ አይነካም።

ኦርቶዶክሶች በሰንበት የሙዚቃ መሣሪያ አይነኩም። ስለዚህ በባለ ጊታሩ ምኩራብም ዓርብ ማታ ጊታር የለም። ዜማው በሰው ድምፅ ብቻ መቆም ነበረበት፤ በመዘምራንም አይደለም፣ በመጣው ሰው ድምፅ ነው። ለዚህ ይመስለኛል እንዲህ የቀለለው። «ለካ ዶዲ» ላይ ሲደረስ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በምኩራቡ ዙሪያ ይጨፍራሉ። የታልሙድ መሠረት የሆነው የሕግ ስብስብ ሚሽና በሰንበት ማጨብጨብና መጨፈር ይከለክላል። ኋላ የመጡ መምህራን ግን አላልተውታል፣ ሀሲዶቹማ ከተውት ቆይተዋል። ካርሌባክም በዚያው በር ገባ።

ዜማውን ለራሱ አልያዘም፤ በየሄደበት በተነው። ሚሽና ውስጥ ሁግሮስ የተባለ የቤተ መቅደስ ዘማሪ ይወሳል። የዜማ ጥበቡን ለሌላ አላስተምርም በማለቱ ስሙ በነቀፋ ተመዝግቦ ቀርቷል። ካርሌባክ የዚያ ተቃራኒ ነው። በ1965 ለሶቪየት አይሁዶች ነጻነት ሰልፍ የሠራው «የእስራኤል ሕዝብ ሕያው ነው» የሚለው ዜማ ዛሬም በየሰልፉና በየሠርጉ ይሰማል። ከሚዘምሩት አብዛኞቹ ጥንታዊ ይመስላቸዋል።

ከሞተ በኋላ «የካርሌባክ ሚንያን» የሚባሉ ስብስቦች በኒውዮርክ፣ በሎስ አንጀለስና በኢየሩሳሌም በዙ። ሚንያን ለጋራ ጸሎት የሚያስፈልገው የአሥር ሰው ጉባኤ ነው። ነገሩ በስሙ በሚጠሩት ብቻ አልቀረም። ኦርቶዶክሱም፣ ሪፎርሙም፣ በሁለቱ መካከል ያለው ኮንሰርቫቲቩም ዜማዎቹን ወሰደ። በብዙ ነገር የማይስማሙ ወገኖች ዓርብ ማታ አንድ ዜማ ላይ ተገናኙ። በ2002 ኢየሩሳሌም ውስጥ «ሺራ ሐዳሻ» የተባለ ጉባኤ ተቋቋመ። ወንድና ሴት በመጋረጃ እንደተለዩ ሆነው፣ የሰንበት አቀባበሉን ጸሎት ሴቶችም ይመራሉ። በዚያም የዜማው መሠረት ካርሌባክ ነው። ይህንን ልብ በሉ፤ ለሴቶች የጸሎት መሪነትን የከፈተ ጉባኤ የሚዘምረው የዚህን ሰው ዜማ ነው።

ችግሩ እንዴት ወጣ

በ1998፣ ከሞተ ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ሊሊት የተባለው የአይሁድ ሴቶች መጽሔት ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። ሴቶች ካርሌባክ ያለ ፈቃዳቸው እንደነካቸው፣ ሌሊት ስልክ እየደወለ ወሲባዊ ነገር እንደተናገራቸው ገለጹ። ታሪኮቹ እስከ 1960ዎቹ ወደ ኋላ የሚሄዱ ናቸው። አንዳንዶቹ በጊዜው ገና ታዳጊዎች ነበሩ። በሕይወት ሳለ በ1980ዎቹ ጥቂት ሴቶች ፊት ለፊት እንዳነጋገሩትም መጽሔቱ ዘግቧል።

ካርሌባክ ፍርድ ቤት አልቀረበም። ጽሑፉ ሲወጣም መልስ መስጠት አይችልም። ወዳጆቹ ይህን አጥብቀው ያዙ። ሙት አይወቀስም፣ ሐሜት ደግሞ በአይሁድ ሕግ ከባድ ኃጢአት ነው አሉ። ሌሎች ደግሞ ሰውን ሁሉ እያቀፈ ሰላም የሚል ሰው ነበር፣ ተሳስተው ተረድተውት ነው አሉ። እኔ ይህ ሁለተኛው መልስ አይዋጥልኝም። የሌሊት ስልክ ሰላምታ አይደለም።

ወሬው ተሰማ፣ ትንሽ አከራከረ፣ ተዳፈነ። ዜማው ከዚያ በኋላም ስርጭቱ ቀጠለ፤ በ2013 ስለ ሕይወቱ የሚያወሳ ሙዚቃዊ ተውኔት ብሮድዌይ ላይ ወጣ። ሃያ ዓመት ገደማ እንዲህ አለፈ።

በ2017 መጨረሻ ሴቶች የደረሰባቸውን ወሲባዊ በደል በአደባባይ የተናገሩበት የ«ሚ ቱ» ንቅናቄ ሲነሳ የድሮው ጽሑፍ እንደገና ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አዳዲስ ምስክርነቶችም ተጨመሩ። በ2018 መጀመሪያ ልጁ፣ እሷም ዘፋኝ ናት፣ አባቷን እየወደደች የሴቶቹን ሕመም እንደምትሰማ በአደባባይ ጻፈች። ከዚያ በኋላ «ጠላቶቹ ያወሩት ነው» ብሎ ማለፍ ከበደ።

ክርክሩ፣ ከመጻሕፍቱ ውስጥ

የሚገርመው ሁለቱም ወገኖች ማስረጃ ከዚያው ከታልሙድ ማግኘታቸው ነው።

እንዘምር ያሉት የረቢ ሜኢርን ታሪክ ያነሳሉ። ረቢ ሜኢር ኤሊሻ ከተባለ ከእምነት ከወጣ መምህር ይማር ነበር። እንዴት ቢባል፣ ሮማን አገኘ፣ ፍሬውን በላ፣ ልጣጩን ጣለ ይላል ታልሙድ። ዜማውም ፍሬ ነው፣ ሰውየው ልጣጭ ነው ማለታቸው ነው።

እንተው ያሉት ደግሞ እዚያው ገጽ ላይ ያለውን ሌላ ቃል ይጠቅሳሉ። መምህሩ የእግዚአብሔርን መልአክ ከመሰለ ከአፉ ሕግን ፈልጉ፣ ካልመሰለ አትፈልጉ ይላል። ሌላ ቦታም ራቭ ይሁዳ የተባለ መምህር ስሙ የጠፋበትን አንድ ምሁር፣ ሰዉ ትምህርቱን ቢፈልገውም፣ ከጉባኤ እንዳገለለው ተጽፏል። የጾም ቀን ጸሎት ስለሚመራ ሰውም ታልሙድ ድምፀ መልካም ብቻ ሳይሆን ከወጣትነቱ ጀምሮ ስሙ ያልጎደፈ ይሁን ይላል።

የሮማኑን ምሳሌ ሳነብ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ኤሊሻ ያጠፋው በእምነት ነገር ነው። በዚያ ጉባኤ ውስጥ ተቀምጦ ልጣጩ የሚጎረብጠው ሰው አልነበረም። እዚህ ግን የተጎዳችው ሴት እዚያው መቀመጫ ላይ ልትሆን ትችላለች። ሚሽና ራሱ በሰውና በሰው መካከል ያለ በደል የተበደለው ሰው ሳይታረቅ በስርየት ቀን እንኳ አይሰረይም ይላል። ሰውየው ሞቷል፣ መታረቅ አይችልም። ስለዚህ የቀረው ሸክም በዜማው በሚጠቀመው ጉባኤ ላይ ይወድቃል ብዬ አምናለሁ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ማንሃተን ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ የሪፎርም ምኩራብ በ2018 የካርሌባክን ዜማዎች ለአንድ ዓመት ላለመዘመር ወሰነ። ውሳኔው ለዘለዓለም አልነበረም። የሴቶቹን ሕመም ከፍ አድርጎ ለመስማት የተወሰደ የአንድ ዓመት ዕረፍት ነው።

ሌሎች ሌላ መንገድ ያዙ። ዜማውን እየዘመሩ ስሙን ከፕሮግራማቸው ያነሱ አሉ። እየዘመሩም ስለ ክሱ በግልጽ ያስተማሩ አሉ። አንድም ነገር ያልቀየሩ በተለይ በኦርቶዶክሱ ወገን ብዙ ናቸው።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

የአንድ ዓመቱ ዕረፍት ትልቁ ጥቅሙ ጊዜ መግዛቱ ነው። «ለሁልጊዜ ይጥፋ» ቢባል ጉባኤው ለሁለት ይከፈላል። «ምንም አንነካም» ቢባል ደግሞ ለሴቶቹ የተሰጠ መልስ ነው። የተወሰነ ጊዜ ሲቀመጥ ሰው ሳይኮራረፍ ማሰብ ይችላል። ደግሞም ዜማው ሲቀር ነው የማን እንደነበር የሚታወቀው። ለዓመታት የዘመረ ሰው «ዛሬ ያንን ለምን አልዘመርንም?» ብሎ ይጠይቃል፣ ያኔ ታሪኩ ይነገረዋል።

ግን ይህ ለሁሉም አይሆንም። ያ ምኩራብ ሐዛን የሚባሉ የሠለጠኑ የጸሎት ዜማ መሪዎች አሉት፣ የዜማ ክምችቱም ሰፊ ነው። ጥቂት ዜማ ሲወጣ ሌላ ይገባል። የካርሌባክ ሚንያን ግን ዓርብ ማታው ሙሉ በሙሉ በአንድ ሰው ላይ የቆመ ነው። ለእነሱ ማቆም ማለት ጉባኤውን መዝጋት ነው። ለዚህ ይሆናል አብዛኞቹ ያልሞከሩት።

የስም ማንሳቱ ዘዴ ግን በእኔ እይታ ከሁሉም ደካማው ነው። የሚያውቀው ሰው ስሙ ባይጻፍም ዜማውን ያውቀዋል። የማያውቀው ደግሞ እስከ መጨረሻው ሳያውቅ ይቀራል። ሴቶቹ ያማረሩት ዝምታውን ነበር፣ ይህ ደግሞ ዝምታውን መልሶ ያመጣል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ክርክሩ ሁሉ ስለ ዜማ ሆነና ስለ አሠራሩ ብዙም አልተወራም። ያ «የፍቅርና የጸሎት ቤት» በሩ ለሁሉ ክፍት ነበር፣ መምህሩ ሁሉን አቅፎ ይቀበል ነበር፣ ከላዩ የሚጠይቀው ቦርድም አለቃም አልነበረም። የሸሸውን ወጣት የሳበው ይኸው ነው። ሴቶቹ የሚከሱበት ቦታ ያጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰውየው ራሱ ሊቀ መንበር፣ ራሱ ዘማሪ፣ ራሱ ንስሐ አባት ከሆነ፣ አቤቱታ ለማን ይቀርባል?

ለሌላ ጉባኤ የሚሆን

በመጀመሪያ፣ የምትዘምሩትን እወቁ። የትኛው ዜማ የማን እንደሆነ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይጻፈው። ነገር ሲመጣ ዝርዝሩ ከሌለ ግማሹ ክርክር «ይሄ የእሱ ነው አይደለም» ላይ ያልቃል።

የአምልኮን ዜማ በአንድ ሰው ላይ አታቁሙ። ሰውየው ቅዱስ ቢሆን እንኳ። በአሜሪካ ምኩራቦች ላለፉት ሃያ ዓመታት ወጣት የዜማ ሰዎች ብዙ አዳዲስ ዜማ እያወጡ ነው። ከእነሱ ብዙዎቹ መንገዱን የተማሩት ከዚያው ከካርሌባክ ነው፦ አጭር፣ ቃል አልባ፣ ለሁሉም የሚያዝ። ስለዚህ የእሱን ዜማ የተወ ጉባኤ የእሱን ዘዴ አልተወም፤ መተው ያለበትም አይመስለኝም።

ውሳኔ ስትወስኑ ምክንያቱን ከመድረክ ተናገሩ፣ ጊዜውንም ወስኑ። የተጎዱትን ጠይቁ፣ ግን ዳኛ አታድርጓቸው። «እናንተ ተው ካላችሁ እንተዋለን» ማለት አክብሮት ይመስላል፤ ሲመነዘር ግን ዜማ ያጣው ሕዝብ ቂሙን በእነሱ ላይ እንዲያወርድ ማድረግ ነው። ውሳኔው የጉባኤው መሪዎች ነው፣ ነቀፋውንም መሸከም ያለባቸው እነሱ ናቸው።

የመጨረሻው ከዜማ ጋር አይገናኝም። የሊሊት ጽሑፍ የወጣው በ1998 ነው፣ ምኩራቡ ዕረፍት ያወጀው በ2018። በመካከል ያለፈው ሃያ ዓመት የማስረጃ እጥረት አልነበረበትም፤ ጽሑፉ ታትሞ የተቀመጠ ነበር። የጎደለው አቤቱታውን ተቀብሎ ለማየት ኃላፊነት ያለበት አካል ነው። አንድ ጉባኤ ዛሬ ከዘማሪዎቹና ከመምህራኑ ውጭ የሆኑ ሁለት ሦስት ሰዎችን መርጦ ስልካቸውን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ቢለጥፍ ወጪው የወረቀት ነው።